አንበሳ ገዳዩን ያሸነፈችው ልጅ

ኑ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እናንተ ጆሮ አምጡ፣ እኔ ተረት ላምጣ።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ቆላ አገር፣ ደመላሽ የሚባል ጀግና ነበረ። አንበሳ ገድሏል። ጎሽ ገድሏል። በትግል የሚጥለው ሰው አልተገኘም። አገሩ ሁሉ ይፈራዋል። አንዲት ብቻ አትፈራውም። እሷም የአራት ዓመት ልጁ ማንጠግቦሽ ናት።

ማንጠግቦሽ አንድ ነገር ስትፈልግ ትጮኻለች። ካልሰጧት መሬት ላይ ትንከባለላለች። ያም ካልሆነ የያዘችውን ትወረውራለች። አንድ ቀን የወረወረችው ዋንጫ የእንግዳ ግንባር ፈነከተ። ደመላሽ አፈረ። አንበሳ የጣልሁ ሰው ይህች ልታቅተኝ ነው ብሎ ልምጭ ቆረጠ።

መጀመሪያ በልምጭ ሞከረ። ማንጠግቦሽ ተገረፈች፣ አለቀሰች፣ ዝም አለች። በማግስቱ ልምጩን አንስታ ገና ዳዴ የሚለውን ወንድሟን ስትገርፍ ተገኘች። እናቷ ብርነሽ ለምን መታሽው ብትላት፣ ልክ እንደ አባቷ ድምጿን አወፍራ፣ አጥፍቶ ነው አለች።

ሁለተኛ በማር ሞከረ። ስትጮኽ ማር አላሳት። ዝም አለች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ጮኸች፤ ሁለት ጊዜ ላሰች። በሳምንቱ ከጠዋት እስከ ማታ ስትጮኽ ዋለች፤ የማሩ ቅልም ተራቆተ።

ሦስተኛ በማስፈራራት ሞከረ። ጅብ ይበላሻል አላት። ማንጠግቦሽ ጩኸቷን ተወች። ግን ከዚያ ወዲያ ብቻዋን ደጅ መውጣት ፈራች፤ መኝታዋን ማርጠብ ጀመረች። አባቷ ሲገባም ሮጣ ከጎታው ኋላ ትደበቅ ነበር። ደመላሽ አንበሳ ሲሸሸው ይኮራ ነበር፤ ልጁ ስትሸሸው ግን እህል አልዋጥለት አለ።

ከወንዙ ማዶ ዘገየ የሚባል አንካሳ ገበሬ ይኖር ነበር። ጉልበትም ሀብትም የለው። አምስት ልጆቹን ግን በአንድ ቃል ይጠራቸዋል፤ ይመጣሉ። ደመላሽ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወንዙን ተሻገረና ምን መድኃኒት እንዳለው ጠየቀው። ዘገየ መድኃኒት እንደሌለው ነገረው። አስቀምጦም የሆነውን ሁሉ አናገረው። ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

«ጌታው፣ የለመደች ጦጣ ሁሌ ሽምጠጣ ነው። ጩኸቷን በማር የገዙት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ስትጮኽ አይስጧት፤ አይቆጧት። ሥራዎን ይሥሩ። መልካም ስታደርግ ግን ፈጥነው ይዩላት፤ ያደረገችውንም ስሙን ጠርተው ያመስግኗት። ከወረወረች ጥቂት ከጎንዎ ትቀመጥ፤ ከዚያ የጣለችውን ራሷ ታንሳ። ዛሬ ያሉትን ነገም ይበሉት።»

ደግሞም አስጠነቀቀው። ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት እንደሚብስ፣ ያን ጊዜ ከተሸነፈ ግን ነገሩ ከፊተኛው እንደሚከፋ ነገረው።

ደመላሽ ቤቱ ገብቶ ልምጩን ሰብሮ እሳት ውስጥ ጨመረ። ጅቡም ውሸት እንደነበረ ለልጁ ነገራት። ከብርነሽ ጋርም ቃላቸው አንድ እንዲሆን ተስማሙ።

በመጀመሪያው ቀን ማንጠግቦሽ ማር አምጡ ብላ ጮኸች። ደመላሽ ግን የያዘውን የቆዳ ጠፍር አለፋ። በሁለተኛው ቀን ባሰባት፤ ጎረቤት ሰው የሞተ መስሎት ሮጦ መጣ። ደመላሽ አሁንም ጠፍሩን አለፋ። በሦስተኛው ቀን ጮኸች፣ ጮኸች፣ ደከማትና ተወችው። ከዚያ ተነሥታ የወንድሟን ንፍጥ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት።

ደመላሽ ጠፍሩን ጣለ። «የወንድምሽን አፍንጫ ጠረግሽለት፤ አየሁሽ» አላት።

ልጅቷ አባቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ጠረገችለት። በዚያን ዕለት የሕፃኑ አፍንጫ እስኪቀላ ድረስ ሲጠረግ ዋለ።

ወር አለፈ። ሌላ ወር ተጨመረ። ዳኛ አድርጎ የሚሾመው ሰው ይፈልግ የነበረው የአገሩ ገዢ ደመላሽ ቤት ለግብዣ መጣ። ማንጠግቦሽ የገዢውን ጎራዴ አየችና ስጡኝ አለች። ስለት ነው፣ አይሆንም አላት አባቷ። ጮኸች። መሬት ላይ ተንከባለለች። ከእንግዶቹ አንዱ ስጣትና ዝም ትበል አለ። አንዱ ግረፋት አለ። አንዱ ጅብ ጥራባት አለ። ደመላሽ አንዳቸውንም አልሰማም። ከመሬት፣ ከጎኗ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ላቡ ይወርዳል፤ እሱ ግን ይጠብቃል።

ቆይቶ ጩኸቷ ለቅሶ ሆነ። ለቅሶዋ ሳግ ሆነ። ራሷን ጉልበቱ ላይ ጣለች።

«ራስሽ ዝም አልሽ፤ ጎበዝ ነሽ» አላት በለሆሳስ።

ገዢው ሁሉንም ተመልክቶ ነበርና፣ «አንበሳ የሚገድል ብዙ አለኝ። ሰው እያየው ቁጣውን የሚገድል ግን ዛሬ ገና አገኘሁ» ብሎ ደመላሽን ዳኛ አደረገው። ደመላሽም ያስተማረኝ እሱ ነው ብሎ ዘገየን አስጠራ፤ ዘገየ ጥማድ በሬ ተሸለመ።

ማንጠግቦሽ ከዚያ ወዲያ ጮኻ አታውቅም አልላችሁም። ልጅ ናትና አንዳንዴ ትጮኽ ነበር። ነገር ግን አባቷ ከችሎት በተመለሰ ቁጥር እስከ ወንዙ ድረስ ሮጣ ትቀበለው ነበር።

እኔ ተረቴን ሰጥቻችኋለሁ፤ ዳቦውን እናንተ አምጡ። ምክሩም ይኸው፦ ለጋ ዛፍን እጅ ያቃናዋል፣ መጥረቢያ ግን ይጥለዋል።