አልጠራ ያለው መብራት

ይህ ወሬ አንዱ የአንዱን ጅራት ይዞ የሚሄድ ነው። ጫፉን ያዙልኝና ልጀምር።

ደብረ ሲና ላይ፣ ከታርማበር ግርጌ፣ አምስት ቤት በአንድ የውሃ ቦኖ የሚገለገልበት ግቢ አለ። በዚያ ግቢ የምትኖር መምህርት አያልነሽ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረቻት። መኪናዋ ትነሳለች፣ ትሄዳለች፣ ፍሬን ሲያዝም ትቆማለች። የፊት መብራቷ ግን ፀሐይ አቃጥሎት ገርጥቷል፤ ሞራ እንደ ያዘው ዓይን ሆኗል።

አያልነሽ የዚያን ቀን የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታናሽ እህቷን ስንዱን ደብረ ብርሃን ማድረስ። ስንዱ ወሯ ገብቷል። በማለዳ ያየቻት አዋላጅ ሆዷን ዳሰሰችና ልጁ አግድም ተኝቷል አለቻቸው፤ ምጥ ሳይጀምራት ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ፣ ነገ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። የገበያ ቀን ስለሆነ ያለው መኪና ሁሉ ጭኖ ወጥቷል። መንገዱ የሚያልፍበትን ታርማበርን ደግሞ ጉም ከያዘው ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ቀንም መብራት ሳያበሩ የሚያልፉት አይደለም።

አያልነሽ የመኪናውን በር ከፍታ ጠበቀቻት። ስንዱ ሆዷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አልገባም» አለች። «ማክሰኞ በዚህ መብራት ጉም ውስጥ ምን እንደ ሆንን ታውቂያለሽ። ያን ጊዜ የመታነው ቦኖ ነው። ታርማበር ላይ ቦኖ የለም፣ ገደል ነው ያለው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ነገሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለምና። ማክሰኞ ማለዳ የግቢውን ቦኖ ገጭታ የጣለችው አያልነሽ ናት። የመኪናዋ ባምፐር ቀድሞም የተጨራመተ ስለነበር ማንም ልብ አላለም። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጠይቃት አላየሁም አለች። እውነትም አላየችውም ነበር፤ ያየችው ከመታችው በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ቀን፣ እህል በአፏ ሲገባ አሸዋ አሸዋ ይላታል።

የጥርስ ሳሙና አወጣች፣ በጨርቅ መብራቱን ታሽ ጀመር። ትንሽ አብለጨለጨ፤ ሲደርቅ ተመልሶ ቢጫ ሆነ።

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ።

አያልነሽ ወደ ጋሽ ውብሸት ሄደች። ጋሽ ውብሸት ዕድሜያቸውን መኪና ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ጎረቤት ናቸው። የጥርስ ሳሙናውን በእጇ ሲያዩ፣ መኪናዋ ጥርስ አወጣች እንዴ ብለው ሳቁባት። ከአልጋቸው ሥር ሦስት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት አወጡ፤ ሻካራ፣ መካከለኛና እንደ ሐር የለሰለሰ። የተቃጠለው የፕላስቲኩ ቆዳ ነው፣ መገፈፍ አለበት አሉ። ዙሪያውን በፕላስተር መሸፈን፣ በሻካራው ጀምሮ በለስላሳው መጨረስ፣ የጥርስ ሳሙናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ሲፋቅ ውሃ ሳያቋርጥ ሊወርድበት ይገባል፤ አለዚያ የራሱ ቆሻሻ ይጭረዋል።

ወንዝ ወርጄ ብቀዳስ አለቻቸው። ደለሉ ራሱ ይጭረዋል አሉ። ቤት ውስጥ ለመጠጥ የቀረችው አንድ ጀሪካንስ? ያቺማ ለአንዱ ዓይን ግማሽም አትበቃ።

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ፤ ወረቀቱ ያለ ውሃ አልፍቅ አለ።

አያልነሽ ወደ ቦኖው ዞረች። ቦኖው እሷው እንደ ጣለችው ከነሲሚንቶው ተጋድሟል፤ ቧንቧው ተጣሟል፣ መስመሩ ተዘግቷል።

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ፤ ወረቀቱ አልፍቅ አለ፤ ውሃው አልወርድ አለ።

ወደ ቧንቧ ሠሪው ወደ ሸዋንግዛው ሮጠች። መሣሪያውም ቧንቧውም ሱቁ ውስጥ ተደርድሯል፤ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የስንዱን ነገር ስትነግረው ከንፈሩን መጠጠ። ከተቀመጠበት ግን አልተነሳም። ግቢው የሸዋንግዛውን እህት ባል፣ ባለጋሪውን ደምሰውን፣ አህያህ ቦኖ ሰበረች ብሎ በር ዘግቶበታል።

«የደምሰውን ስም ሳትመልሱ ቧንቧችሁን አልነካም» አላት። «እናንተ ከእኔ ቤተሰብ ጋር ተጣልታችሁ ነው የተጠማችሁት።»

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ፤ ወረቀቱ አልፍቅ አለ፤ ውሃው አልወርድ አለ፤ ቧንቧ ሠሪው አልጠግን አለ።

ደምሰውን ገበያው ዳር አገኘችው፤ አህያዋን ከጋሪው ፈትቶ ገለባ ያበላታል። አያልነሽ እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። ይልቁንስ ለነፍሰ ጡሯ ብለህ ቂሙን ተወው፣ ሸዋንግዛውን ላክልን ብላ ለመነችው። ደምሰው ለስንዱ ከልቡ አዘነ፤ ጋሪው ታርማበርን የሚወጣ ቢሆን ራሱ ይወስዳት እንደ ነበር ነገራት። «ግን እኔ ባስጠግነው ይኸው አመነ ይሉኛል» አለ። መጀመሪያ አህያዋ ሰበረች የሚለውን ቃል ያወጡት እትዬ በለጡ ቃላቸውን ይመልሱ።

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ፤ ወረቀቱ አልፍቅ አለ፤ ውሃው አልወርድ አለ፤ ቧንቧ ሠሪው አልጠግን አለ፤ ባለጋሪው አልታረቅ አለ።

እትዬ በለጡ የግቢው ትልቅ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው ሰሟት። ማክሰኞ ጠዋት ደምሰው ማገዶ እንዳመጣላቸው፣ የአህያዋንም ኮቴ ከቦኖው ሥር በዓይናቸው እንዳዩ ነገሯት። ከሰማይ ያወረዱት ነገር የለም።

«እሱ ካልሰበረው ማን ሰበረው?» አሉ። «ሰባሪውን አምጪልኝና ቃሌን እመልሳለሁ።»

ሰባሪዋ ፊታቸው ቆማለች።

ስንዱ አልገባ አለች፤ መብራቱ አልጠራ አለ፤ ወረቀቱ አልፍቅ አለ፤ ውሃው አልወርድ አለ፤ ቧንቧ ሠሪው አልጠግን አለ፤ ባለጋሪው አልታረቅ አለ፤ እትዬ በለጡ ቃሌን አልመልስ አሉ፤ የአያልነሽ አንደበት አልፈታ አለ።

በዚህ ጊዜ ከወዲያኛው ቤት ስንዱ አቃሰተች። አንዴ ነው፣ ረጅም። ሁለቱም ሴቶች ምጥ እንደ ጀመራት ገባቸው።

«እኔ ነኝ» አለች አያልነሽ። «ማክሰኞ ማለዳ፣ በጉም። ቦኖውን ያላሳየኝ መብራቱ ነው። አራት ቀን ዝም ያልሁት ግን እኔ ነኝ።»

እትዬ በለጡ ከደጃፋቸው ወደ እሷ ወረዱ።

«እዚሁ ቤቴ ተቀምጠሽ ከእኔ ጋር ደምሰውን ስታሚው ነበር?»

«አላማሁትም። ሳዳምጥ ነበር።»

«እሱ ይሻላል?»

አያልነሽ ወደ ቦኖው ሄደች። ከወደቀው ቦኖ የተገመሰውን ሲሚንቶ አነሳች፣ ማጅራቷ ላይ አደረገችው፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ በደለኛ ወግ አጎንብሳ ከግቢው ወጣች። እትዬ በለጡ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏት። ገበያው ቆሞ ያያት ነበር፤ ያስተማረቻቸው ልጆችም፣ የልጆቹ እናቶችም። ደምሰው ፊት ደርሳ ቦኖውን የጣለችው እሷ መሆኗን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

ደምሰው ሸክሙን ቶሎ አላወረደላትም። ለአህያዋ አንድ እፍኝ ገለባ ጨመረላት።

«መምህርት፣ ልጆቼን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት» አላት። «ትናንት ከትምህርት ቤት መጥተው፣ አባባ እውነት አንተ ነህ የሰበርኸው አሉኝ። እኔም አህያዋም አይደለንም አልኋቸው። አላመኑኝም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ሲሚንቶውን እንደ ተሸከመች። «ሰኞ ክፍል ገብቼ እነግራቸዋለሁ።»

ያን ጊዜ ሲሚንቶውን ከማጅራቷ አነሳላት። «ለእኔ ይበቃል። አህያዋን ግን ራስዎ ይጠይቋት፤ እሷ ቂመኛ ናት።» ከገበያተኛው ሳቅ ተነሳ፤ አያልነሽ ግን ሳትስቅ የአህያዋን ግንባር ዳበሰች።

እንግዲህ አንደበቷ ሲፈታ እትዬ በለጡ እዚያው ገበያ ላይ ቃላቸውን መለሱ፤ ቃላቸውን ሲመልሱ ባለጋሪው ታረቀ፤ ባለጋሪው ሲታረቅ ቧንቧ ሠሪው መሣሪያውን ጋሪው ላይ ጭኖ መጣ፤ ቧንቧው ሲጠገን ውሃው ወረደ፤ ውሃው ሲወርድ ወረቀቱ ፋቀ። ፋቂው ጋሽ ውብሸት ናቸው፤ የውሃውን ጎማ የያዘው ደምሰው ነው፤ ከመብራቱ ላይ እንደ መግል ቢጫ ውሃ ይንጠባጠባል። ስንዱ ደጃፉ ላይ ተደግፋ በምጧ መካከል ያለውን ደቂቃ ትቆጥራለች፤ ሃያ አለች፣ አሥራ ስምንት አለች። ሻካራው አለፈ፣ መካከለኛው አለፈ፣ ለስላሳው አለፈ፤ የጥርስ ሳሙናው በመጨረሻ ተራው ደረሰ። አሥራ አምስት ስትል መብራቱ ጠራ። መብራቱ ሲጠራ ስንዱ ገባች።

እትዬ በለጡም ከኋላ ገብተው አቀፏት። «ታርቄሽ አይምሰልሽ» አሏት አያልነሽን። «ለስንዱ ነው። ንጂ።»

ታርማበር ላይ ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሞ ጠበቃቸው። አያልነሽ መብራቱን አበራች። የአስፋልቱ ጠርዝ ታየ፤ ከጠርዙ ወዲያ ደግሞ ገደሉ፣ የት እንደሚጀምር በግልጽ።

«ይታይሻል?» አለች ስንዱ።

«ይታየኛል።»

ስንዱ ደብረ ብርሃን ደርሳ በሐኪሞቹ እጅ ከገባች አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ከበሩ ወዲያ ሕፃን አለቀሰ። የእኔም ወሬ እዚህ ላይ ተፈታ፤ ጫፉን የያዛችሁልኝ፣ አሁን ልቀቁት።