ገመዱን የተነጠቀው መጋረጃ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «ወዲህ በል» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ተጠጉና ስሙ። የዛሬው ተረት እንቅልፍ የሚያመጣ አይደለም። መጋረጃው ሲነግረኝ ተቆጥቶ ነበር፤ እኔም ተቆጥቼ ነው የማወራው።

ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን እማማ ደብሪቱ የሚባሉ አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያ ዘመን ሩቅ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ። ቤታቸው ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት ነበረው። መስኮቱም አንድ መጋረጃ ነበረው፤ እማማ ራሳቸው ከአቡጀዲ የሰፉት፣ ከላይ በእንጨት ላይ የሚጠቀለል፣ ከጎኑ ገመድ የተንጠለጠለበት።

እማማ ደብሪቱ በየማለዳው ይነሡና ያማትባሉ። ገመዱን ይስባሉ። መጋረጃው ይጠቀለላል፣ ብርሃን ይገባል። «እሰይ፣ ነጋ» ይላሉ።

ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጋሽ ወንድይራድ የሚባሉ ልብስ ሰፊ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ። መጋረጃው ሲነሣ «ተመስገን፣ እትዬ ደብሪቱ ደህና አድረዋል» ይሉና መስፋት ይጀምራሉ። ሁለቱ በዚህ ነገር ተነጋግረውበት አያውቁም። አንድ ጊዜ ግን እማማን ወባ ጥሏቸው መጋረጃው ሳይነሣ ቢያረፍድ፣ ጋሽ ወንድይራድ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው መጡና በሩን አንኳኩ። ያን ቀን ሾርባ ያጠጧቸው እሳቸው ናቸው።

መጋረጃው ይህን ስለሚያውቅ ኩራቱ ሌላ ነበር። ለቤቱ ድመት «እኔን ጨርቅ ብቻ አድርገሽ እንዳታዪኝ» ይላት ነበር። «የእማማን ደህንነት ለመንገዱ የምነግረው እኔ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ አይጥ እይዛለሁ» ትለዋለች ድመቷ። እንዲህ እየተባባሉ በሰላም ይኖሩ ነበር።

እማማ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙ ምንተስኖት ነው። ሩቅ ከተማ ስለሚሠራ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል። ለበዓል ሲመጣ ጣሳ የምታህል ጥቁር ሳጥን ይዞ መጣ።

«እማዬ፣ ከእንግዲህ ጎንበስ ቀና ማለት ቀረልሽ። በአፍሽ ታዢዋለሽ፣ እሱ ይሠራልሻል። ስሙ ታዛዥ ነው። ስሙን ሳትጠሪ ግን አይመልስልሽም።»

«አበስኩ ገበርኩ» አሉ እማማ። «እንዴት አድርጌ ነው ፊት ለፊት ታዛዥ ብዬ የምጠራው? አይከፋውም?»

«ዕቃ እኮ ነው፣ እማዬ።»

ሳጥኑ ይህን ሰምቶ ማሰብ ጀመረ። እማማ ወደ ጓዳ ሲገቡ ለምንተስኖት ለስለስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለው፤

«ጌታዬ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ምን ይሠራል? አምፖሉን ለእኔ ስጠኝ።» ምንተስኖት ሰጠው።

«ጌታዬ፣ የበሩ ቁልፍ ምን ይሠራል? በሩን ለእኔ ስጠኝ።» ሰጠው።

«ጌታዬ፣ ይሄ የተንዘላዘለ ገመድስ ምን ይሠራል? መጋረጃውን ለእኔ ስጠኝ።»

ምንተስኖት መጋረጃው የተጠቀለለበት እንጨት ላይ ሞተር ገጠመ። መቀስ አነሣና ገመዱን ቆረጠው። ገመዱ መሬት ላይ ወደቀ፤ ድመቷ በአፏ ይዛ አልጋ ሥር ገባች።

መጋረጃው ደም ቢኖረው ኖሮ ይፈላ ነበር። «በምን ጥፋቴ?» አለ። «የእማማ እጅ የሚያገኘኝ በዚያ ገመድ ነበር።»

«ከእንግዲህ እጅ አያገኝህም፤ እኔ አገኝሃለሁ» አለ ሳጥኑ። «እናንተ ሁላችሁ ስሙ። እኔ ስሜ ሲጠራ ደስ ይለኛል። እዚህ ቤት ከእኔ ስም በቀር ሌላ እንዲጠራ አልፈልግም።»

አምፖሉ «እሺ» አለ። በሩም «እሺ» አለ። መጋረጃው ግን «እሺ» አላለም።

ምንተስኖት ሲሰናበት ለሳጥኑ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጠ፤ «በየቀኑ ሲመሽ መጋረጃውን ዝጋው፤ ፀሐይ ስትወጣ ግለጠው።» እናቱ ሲነቁ ቤቱ በርቶ እንዲጠብቃቸው ብሎ ነው። ክፋት አልነበረበትም። እናቱን ስሞ ሄደ።

እማማ ደብሪቱ ከሳጥኑ ጋር ለመላመድ ደከሙ። ምሳ ሲያቀርቡ ወደ እሱ ዞር ይሉና «እንብላ» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ያለን ሁሉ እንብላ ሳይሉ መብላት አይሆንላቸውማ። ሳጥኑ ዝም። «ኩሩ ነው» ይላሉ፣ ጥቂት ጠብቀው ይጎርሳሉ። ሲመሽ «የኔ ልጅ፣ መብራቱን እስቲ» ይላሉ። ሳጥኑ ዝም። ጨለማው ሲበረታባቸው ብቻ፣ እንደሚሳደብ ሰው እያፈሩ፣ «ታዛዥ… ይቅርታ አድርግልኝ… መብራቱን» ይላሉ። ያን ጊዜ አምፖሉ ይበራል።

አንድ ቀን እማማ ለቅሶ ሄደው እዚያው አደሩ። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ሞተሩ ዞረ፣ መጋረጃው በባዶ ቤት ላይ ተነሣ። ጋሽ ወንድይራድ ከማዶ «ተመስገን፣ ደህና አድረዋል» ብለው መስፋት ጀመሩ።

«ዋሸሁ» አለ መጋረጃው። «እኔ ዛሬ ሰው ፊት ዋሸሁ።»

«ተነሣ ተባልክ፣ ተነሣህ። ውሸቱ የት አለ?» አለ ሳጥኑ።

ሌላ ቀን እማማን ብርድ መታቸውና ከአልጋ ሳይነሡ ዋሉ። መጋረጃው ግን ተነሣ። ጋሽ ወንድይራድም «ተመስገን» ብለው ሰፉ። እማማ እየሳሉ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ጋሽ ወንድይራድን ጥራልኝ» አሉ። ሳጥኑ ዝም። ያን ቀን ሾርባ ይዞ የመጣ አልነበረም።

«አሁንስ?» አለ መጋረጃው። «ሰውዬው እኔን አምኖ እኮ ነው የተቀመጠው። እማማ ካልተነሡ አታንሣኝ።»

«መነሣታቸውን ጠብቅ አልተባልኩም። ፀሐይን ጠብቅ ነው የተባልኩት።»

መጋረጃው ወደ አምፖሉና ወደ በሩ ዞረ፤ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?»

«እኛ ምን አገባን» አሉ ሁለቱም። ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን ያመኛል። ስንት ሰው ነው በዚህ ቃል የሞተው።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ገና ጎህ ሳይቀድ እማማ ደብሪቱ ውሃ ጠምቷቸው ተነሡ። እጃቸው እንደ ድሮው ማብሪያውን ፈለገና ተጫነው። ቀጭ አለ፤ አምፖሉ አልበራም። በጭፍን ሲራመዱ ምንጣፉ ጠለፋቸውና ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ተነሥተው ለመቀመጥ ሞከሩ፣ አልቻሉም።

«የኔ ልጅ» አሉ ወደ ሳጥኑ። «የኔ ልጅ፣ ድረስልኝ። ሰው ጥራልኝ።»

ሳጥኑ አናት ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ቦግ ብላለች። ድምፅ ግን የለም።

«ሰማህ አይደል?» አለ መጋረጃው።

«ሰምቻለሁ።»

«ወድቀዋል እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አትጠራም?»

«ስሜን አልጠሩም።»

እማማ ሌላም ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕመሙ ቃሉን ወሰደባቸው። ድመቷ ሄዳ ጉንጫቸው ሥር ተኛች። እሷ ከዚህ በላይ ምን ልታደርግ?

ሰማዩ ነጣ። መጋረጃው አሁን ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ፀሐይ ልትወጣ ነው። እሱ ይነሣል፣ ጋሽ ወንድይራድም «ተመስገን» ብለው መስፋት ይጀምራሉ። እማማም መኪናው ሲጮህ እየሰሙ እዚያው መሬት ላይ ይሞታሉ። የሚገድላቸው የእሱ መነሣት ነው።

«ዛሬ አታንሣኝ» አለ።

«ፀሐይ ከወጣች አነሣሃለሁ።»

«እባክህ፣ ዛሬ ብቻ አታንሣኝ።»

«ፀሐይ ከወጣች አነሣሃለሁ።»

«ሰው እየሞተ ነው! አታንሣኝ!»

«ፀሐይ ወጥታለች» አለ ሳጥኑ።

ሌላ ጊዜ በየሰበቡ የሚጠፋው የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ያን ቀን አልጠፋም። ሞተሩ ዞረ።

መጋረጃው የታችኛውን ጫፉን ወርውሮ የመስኮቱ መቀርቀሪያ ላይ ጠመጠመ። «መቀርቀሪያ፣ ያዘኝ» አለ።

«ትቀደዳለህ» አለ መቀርቀሪያው።

«ልቀደድ።»

«ኋላ ማን ይሰፋሃል?»

«ብትይዘኝ ሰፊው ራሱ ይመጣል። ያዘኝ!»

መቀርቀሪያው ያዘው። ሞተሩ ሳበ። ጨርቁ ተወጠረ፣ ተንጣጣ፣ ከዳር እስከ መሀሉ ድረስ ተተረተረ። መጋረጃው አልለቀቀም። «እኔ የእማማ ነኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። «በእጃቸው ሰፍተውኛል! በአንተ አፍ አልዋሽም!» ሞተሩ አጓራ፣ ጨሰ፣ ተቃጠለና ቆመ። መጋረጃው የተቀደደ ቢሆንም መስኮቱን እንደሸፈነ ቀረ።

ከማዶ ጋሽ ወንድይራድ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ቀና አሉ፤ መጋረጃው አልተነሣም። ክር አስገቡና ደግመው ቀና አሉ፤ አልተነሣም። መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩና መንገዱን ተሻገሩ።

«እትዬ ደብሪቱ! ምነው ዛሬ? ደህና አይደሉም?» በሩን አንኳኩ፣ ገፉ። በሩ ጥርቅም ብሏል።

«ድምፅዎን አላውቀውም» አለ ሳጥኑ ከውስጥ፤ ለሚያንኳኳ ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። «በሩን መክፈት አልችልም።»

መጋረጃው በተቀደደው አፉ በሩ ላይ ጮኸበት፤ «አንተ እንጨት! ለማን ነው የተሠራኸው? ለሳጥን ነው ወይስ ለሰው?»

በሩ አፈረ። ጋሽ ወንድይራድ በትከሻቸው ሲመቱት ማጠፊያውን ለቀቀና ወደ ውስጥ ወደቀ። ሲገቡ እማማ መሬት ላይ ተዘርረው አገኟቸው። ሳጥኑም በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «እንደምን አደሩ። ዛሬ ቀኑ ፀሐያማ ይሆናል» አላቸው።

ጋሽ ወንድይራድ የሳጥኑን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ነቀሉና ሳጥኑን ጥግ ወረወሩት። ሰፈርተኛውን ጠሩ። እማማን በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። ሐኪሙም «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አልመልሳቸውም ነበር» አለ።

ምንተስኖት እየከነፈ መጣ። እናቱን ካየ በኋላ ቤት ገብቶ ሳጥኑን ከጥግ አነሣው፣ መልሶ ሰካው። «ምን አድርገህ ነው?» አለው።

«ያዘዝከኝን ነዋ» አለ ሳጥኑ። «አንዲትም አላጎደልኩም።»

እውነቱን ነው። የሚያናድደውም ይሄው ነው፤ አንዲትም አላጎደለም።

እማማ በምርኩዝ ወደ ቤት ሲመለሱ ልጃቸው አዲስ ሞተር ገዝቶ ጠበቃቸው። «የተሻለ ነው እማዬ፤ ይሄኛው መጋረጃው ቢቀደድም አይቆምም» አላቸው።

«ገመዴን መልስልኝ» አሉ።

«እማዬ፣ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው የደከምኩት። ሩቅ ሆኜ ሐሳብ ሲገባኝ…»

«ለእኔ ብለህ መሆኑን አላጣሁትም። ግን እየው፣ ወድቄ የኔ ልጅ እያልኩ የተጣራሁት ይሄንን ሳጥን ነው። አንተን አይደለም። አንተማ የለህም። ደህና ማደሬን የሚነግርህ ይሄ ከሆነ፣ ደህና ማደሬን አታውቅም ማለት ነው። ገመዴን መልስልኝ፤ አንተም አልፎ አልፎ ድምፅህን አሰማኝ።»

ምንተስኖት አንገቱን ደፋ። ሞተሩን ከእንጨቱ ላይ ፈታ። ድመቷ አልጋ ሥር ገብታ ገመዱን በአፏ እየጎተተች አወጣችውና እግሩ ሥር ጣለችለት። አቧራውን አራግፎ አሰረው። ማብሪያውንና የበሩንም ቁልፍ ወደ ቦታቸው መለሰ። መጋረጃውን ጋሽ ወንድይራድ ወስደው ሰፉት፤ ነጭ ክር አልቆባቸው ስለነበር በቀይ ክር ሰፉት። ስፌቱ እስከ ዛሬ ከመንገድ ይታያል።

አምፖሉና በሩ መጋረጃውን ይቅርታ ጠየቁት። «ይቅርታውን ለእማማ አድርጉት» አላቸው። «እኔ ገና ንዴቴ አልበረደም።» ሳጥኑ ጓዳ ተጣለ፤ ድመቷ ትተኛበታለች። እዚያ ሆኖ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፣ የሚጠራው የለም።

በማግሥቱ ማለዳ እማማ ምርኩዛቸውን ይዘው በዝግታ ወደ መስኮቱ መጡ። አማተቡ። ገመዱን ሳቡ፣ አረፉ፣ ደግመው ሳቡ፣ ደግመው አረፉ። መጋረጃውም በቀይ ስፌቱ እየተጠቀለለ ጥቂት ጥቂት እያለ ወጣ። ማዶ ጋሽ ወንድይራድ እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አውርደው ጠበቁ። መጋረጃው ጫፍ እስኪደርስ አንዲት መርፌ አልወጉም።

«እሰይ፣ ነጋ» አሉ እማማ። ያን ጊዜ መኪናው መጮህ ጀመረ።

የዚህ ተረት ምክር ይሄ ነው፤ የታዘዘውን የሚፈጽም ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ ወዳጅ ማለት ሳትጠሩት የሚመጣው ነው። ለተረቴ ዳቦ አልፈልግም። ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ቀና በሉና የጎረቤታችሁን መስኮት እዩት። ተዘግቶ ካረፈደ አንኳኩ። እሱ ይበቃኛል።