የዘመመው ጥግ

«እማዬ፣ የሐውልቱ ጥግ ለምን ዘመመ?» ብላ አንዲት ልጅ አንድ ቀን እናቷን ጠየቀቻት።

«እኔ ስለካብኩት ነዋ! ወጥ እንኳ ሳላሳርር የማላወጣ ሴት ድንጋይ አቃናለሁ ብለሽ ነው?» አለች እናት እየሳቀች።

የከተማው ሰው የኮረብታውን ሐውልት በደቦ ሲሠራ፣ እያንዳንዱ ቤት የደረሰውን ቦታ በገዛ እጁ ይክብ ነበር። ለእሷ በዕጣ የወጣላት ጥጉ ነው።

ሥራው ሲያልቅ፣ አንዲት ድንጋይ ያላነሡት አገረ ገዥ ፊታውራሪ ይመኑ «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብለው ስማቸውን ሊያስቀርጹ ተነሡ። ሰዉ ቢያጉረመርም ጊዜ፣ በሐሰት እንደማትምል የታወቀችውን ይህችኑ ሴት በሕዝቡ ፊት አቆሟት።

«ሐውልቱን እኔ እንደሠራሁት በጊዮርጊስ ስም ትምያለሽ። ካልማልሽ ከመሬትሽ ትነቀያለሽ!»

ሴትየዋ እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ መሐላ በግማሽ አይሆንም። ሁሉንም የሠሩት እርስዎ ከሆኑ፣ ያንን አላፊ አግዳሚው የሚስቅበትን ጥግም የካቡት እርስዎ ነዎት። ሳልምል በፊት እሱን እዚሁ ሰው ፊት ይቀበሉኝ። እኔማ ደስታውን አልችለውም! እስከ ዛሬ በእኔ ሲስቅ የኖረው ሰው ከነገ ጀምሮ በእርስዎ ይስቃል።»

ሕዝቡ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ፊታውራሪ ጥጉን ቀና ብለው አዩና ወደ ቀራጩ ዞረው፣ «መሮህን ሰብስብ!» አሉት።

በማግስቱ ጠዋት ሴትየዋ ኪዳን አድርሳ ወደ ኮረብታው ወጣች። ጥጉን አፈረሰችና እንደገና ካበችው። አሁን ደግሞ በወዲያኛው በኩል ዘመመ።