ወደ ግራ ጎናቸው የተኙ ድንጋዮች

ይህን ታሪክ አዛብቼ ላስታውሰው እችላለሁ። የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ ከነገሩኝ ሁለት ሽማግሌዎችም አንደኛው ድንጋዮቹ አርባ ናቸው ሲሉ፣ ሌላው አርባ አንድ ይሉ ነበር።

ድንጋዮቹ የተባሉት በወሎ፣ ጥጥ አምባ ከምትባል መንደር ወደ ሾላ ውሃ ምንጭ የሚያወርደው ንጣፍ ናቸው። በመንገዱ ራስ ላይ አሸዋ የሞላበት ገንቦ እስከ አንገቱ ተቀብሯል። ውሃ ሊቀዳ የሚወርድ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ሙሽራዪቱም፣ ጫማውን አውልቆ አንድ ጭብጥ አሸዋ ይዘግናል፤ ደስ ባለው ድንጋይ ላይ ይበትነውና ተረከዙን ሦስት ጊዜ አዙሮ ይፈትገዋል። እንግዳ ያየው እንደሆነ ጭፈራ ይመስለዋል። ለምን እንደሚያደርጉት ሲጠየቁ «ለዙርያሽ ነው» ይላሉ።

እንደሚነገረው ዙርያሽ ዓይኖቿን ፈንጣጣ የወሰደባት አንድ ልጇን ይማምን ጡት ሳታስጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው እጇን ሳይይዛት የምትሄድበት መንገድ ይህ ንጣፍ ብቻ ሆነ። ድንጋዮቹን በእግሯ ታውቃቸዋለች፤ አንዱ እንደ እንቅብ የጎደጎደ፣ አንዱ ጠርዙ ጥርስ ያለው፣ አንዱ ሲረግጡት ድው የሚል ነበር። እንስራዋን አዝላ ስትወጣ ያያት ሰው ዓይነ ስውር ናት ብሎ አያስብም ነበር ይባላል።

ልጇ አድጎ ዘይነባን ካገባ በኋላ አንድ ዓመት ክረምቱ ረዘመ። ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ መንደሩን ሸፈነ፤ መስከረም ጠብቶም አልገለጥ አለ፤ ሰዎች ከደጃቸው ቆመው ሲጠራሩ ድምፁ ከሰማይ የሚመጣ ይመስል ነበር። በድንጋዮቹ ላይ ውሃ ተኛ፤ በውሃው ሥርም የተማሩት ዋቅላሚ የሚሉት፣ ያገሩ ሰው ግን የክረምት ልጋግ የሚለው አረንጓዴ ነገር በቀለ። አንድ ማለዳ ዙርያሽ አሥራ አንደኛው ድንጋይ ላይ ስትደርስ ድንጋዩ ከእግሯ ሥር እንደ ዓሣ ሾለከ። እንስራው ተሰበረ፤ የእጇም አንጓ ወለቀ።

«በቃሽ እማ» አለ ይማም ወጌሻው አስሯት ሲወጣ። «ከእንግዲህ ውሃውን ዘይነባ ትቀዳለች። አንቺ ቤት ትቀመጫለሽ።»

«እስከ መቼ?»

«አላህ ዕድሜ እስከ ሰጠሽ ድረስ።»

«እህህ፤ እግሬን ወስደህ ዕድሜውን ምን ላደርግበት ነው?»

ይማም ክፉ ልጅ አልነበረም። በማግስቱ ማጭዱን ይዞ ወረደና ልጋጉን ከሁሉም ድንጋይ ላይ ፋቀው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ በቀለ። ቀጥሎ እግር እንዲይዝ ብሎ ድንጋዮቹን በመሮ ወቀራቸው፤ ውሃው በየጉድጓዱ ተኛ፣ ልጋጉም ከቀድሞው ወፈረ። ጎረቤቶቹ «ይማም ዘራ እንጂ መች አረመ!» እያሉ ሳቁበት።

ዙርያሽ ይህን ከቤቷ ሆና ሰማች። አንድ ቀን ዘይነባን ለምና ወረደች፤ በጉልበቷም እየዳኸች ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመዳፏ ዳበሰች። ከላይ ፀሐይ የሚያገኛቸው ለብ ያሉና ደረቅ ነበሩ፤ ከምንጩ በላይ ካለው ትልቅ ሾላ ጥላ ሥር ያሉት ግን ቀዝቃዛና ሙልጭልጭ ነበሩ። ወደ መንደሩ ሽማግሌ ወደ ሼህ ሙሄ ሄዳ የሾላው ቅርንጫፍ እንዲቆረጥ ለመነች።

«ዙርያሽ፣ አያቶቻችን ዱዓ ያደረጉበት ዛፍ ነው» አሉ ሼሁ። «እሱን የነካ እጅ አይቀናውም።»

ተመልሳ መደቧ ላይ ጋደም አለች፤ እንቅልፍም ወሰዳት። በሕልሟ ዓይን ነበራት ይባላል። ድንጋዮቹ ከመንደሩ እስከ ምንጩ ተሰልፈው በጀርባቸው ተኝተው ያንኮራፋሉ፤ ደረታቸው ላይ ውሃ ተቋጥሯል። ከዚያ የመጀመሪያው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ጎኑ ተገላበጠ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ እንዲህ እያለ መገላበጡ እስከ ምንጩ ወረደ። ውሃው ከሁሉም ላይ ፈሰሰ፣ ማንኮራፋቱም ጸጥ አለ።

«ዛፉን ተዉት» አለች ሼሁ ዘንድ ተመልሳ። «ድንጋዮቹን ብቻ በጎናቸው አስተኙልኝ።»

ሼህ ሙሄ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ለድንጋይ መኝታ ልታነጥፊ ነው? እሺ፤ ዛፉን ካልነካሽ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ይማምና ጎረቤቶቹ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሡ፤ በቀኝ በኩል ጠጠር እየጠቀጠቁ አንድ ጣት ያህል ከፍ አደረጓቸው፤ በግራ በኩልም ቦይ ቆፈሩ። ውሃው መተኛት ተወ። ጥላው ግን ጥላ ነውና ስስ ልጋግ መውጣቱ አልቀረም። «እሱ የኔ ሥራ ነው» አለች ዙርያሽ፤ በዘይነባ እጅ እየተመራች፣ አሸዋ በመቀነቷ ቋጥራ፣ በየድንጋዩ ላይ ተረከዟን ታዞር ጀመር።

«ኧረ ዙርያሽ» አሉ ሴቶቹ፣ «በልጅሽ ሠርግ ያልጨፈርሽውን ለድንጋይ!»

«ድንጋይ ጨፋሪ አያማርጥም። ነይ አንቺም፤ የሚያይሽ የለም፣ እኔ እንደሆንሁ አላይሽ!»

እየሳቁ አሸዋ ይዘው መጡ ይባላል። ሳምንት ሳይሞላ ንጣፉ ከላይ እስከ ታች ሻከረ። በስምንተኛው ማለዳ ዙርያሽ አዲስ እንስራ አዘለችና ብቻዋን ወረደች። ይማም ቀድሟት አሥራ አንደኛው ድንጋይ ላይ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ቆሞ ነበር። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ዞር በል ልጄ፤ መንገዴ ላይ ቆመሃል።»

ዞር አለ። እሷም አለፈች፤ ውሃዋን ቀድታም ወጣች። ይማም ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመንገዱ ወጣ ብሎ፣ ለእግሩ አንድ ድንጋይ አስቀምጦ፣ እናቱ እስክታልፍ ድረስ በየማለዳው ዝም ብሎ ይቆም ነበር አሉ። እሷም እንዳላወቀች ሆና ታልፈው ነበር፤ እስክትሞት ድረስ።

ባለፈው ጥቅምት ሄጄ ቆጠርኋቸው። በመንገዱ ላይ ያሉት አርባ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ ጣሳ ውሃ አፈሰስሁ፣ ሁሉም ወደ ግራ ወረደ። አርባ አንደኛው ከአሥራ አንደኛው በስተቀኝ፣ ሣር ውስጥ ለብቻው ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ያስቆማል። ጣሳዬን ባፈስበት ውሃው መሐሉ ላይ ተኛ። ማንም ፈትጎት አያውቅም፤ አረንጓዴ ነው።