የአቶ ሸዋቀና ዜሮ መኪና

አቶ ሸዋቀና ከሰው እጅ የገዙትን የቅንጦት መኪና፣ ወንበሩን በአዲስ ላስቲክ አልብሰው፣ «ዜሮ ነው! ከእኔ በፊት ማንም አልተቀመጠበትም» እያሉ አገር አዳረሱ። ሞተሩ ግን ውስጡ ጥላሸት ስለተጋገረበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። በቅርቡ የቀጠሩት ሾፌር «ጋሼ፣ ጋራዥ ወስደን እናስጠርገው» ቢላቸው፣ «አዲስ መኪና ጋራዥ ምን ይሠራል?» ብለው ኩም አደረጉት።

የእህታቸው ልጅ ስታገባ መኪናውን በአበባ አስጊጠው ሙሽራ ጫኑበት። ሙሽራዋ ለፎቶ ከመኪናው ኋላ እንደቆመች ሾፌሩ ሞተሩን ቢያስነሣው፣ መኪናው ቡፍ አለና ነጭ ቬሎዋን የከሰል ጆንያ አስመሰለው።

አቶ ሸዋቀና ሰርገኛው ሁሉ እያየ የሾፌሩን ኮሌታ ጨምድደው ያዙ።

«ተናገር! መኪናው አሮጌ ነው ካልክ ስሜን አጥፍተሃልና ትባረራለህ። አዲስ ነው ካልክ ደግሞ ያበላሸኸው አንተ ነህና ትባረራለህ!»

ሾፌሩ ሙሽራዋን አየት አደረገና በትሕትና አንገቱን ሰበረ።

«ኧረ ጋሼ፣ መኪናውማ እንዳሉት ዜሮ ነው፤ እኔም አላበላሸሁትም። እርስዎ ያገለገለ የገዙት ጥላሸቱን ብቻ ነው!»