ዓይኑን የጨፈነው ተሰብሳቢ

በአብዮቱ ዘመን ነው። ከቡልጋሪያ የመጡ ሠዓሊዎች በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ከአገሬው ሠዓሊዎች ጋር ሥዕላቸውን በአንድ አዳራሽ እንዲያሳዩ ተደረገ። በከተማዋ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈች የምትኖር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች፤ እሷም የቀበሌ ስብሰባ ሥላ ይዛ መጣች።

የባህል ጉዳይ ኃላፊው ጓድ ልሳነወርቅ እንግዶቹን አስከትለው ሲጎበኙ ሥዕሏ ፊት ቀጥ አሉ። መድረኩ ላይ እጁን ዘርግቶ የሚናገረው ሰው ቁርጥ እሳቸውን ነው። ደስ አላቸው። ወዲያው ግን ከፊት ረድፍ ዓይኑን ጨፍኖ ጋደል ያለ ተሰብሳቢ አዩና ደማቸው ፈላ።

«ጓዲት፣ ይኼ ሰው ለምን ተኛ? ንግግሬ ያስተኛል ማለትሽ ነው ወይስ ሰፊው ሕዝብ አልነቃም? አንዱን ምረጪ!»

ሴትዮዋ የትኛውንም ብትመርጥ መግቢያዋ እስር ቤት እንደሆነ ገባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ መለሰች።

«ኧረ ጓድ፣ እሱስ አልተኛም! እርስዎ የነገሩትን ብሩህ ዘመን እያየ ነው። ዓይኑን ቢገልጥማ ይጠፋበታል።»

ጓድ ልሳነወርቅ ይቆጡ ይደሰቱ ግራ ገብቷቸው ወደ እንግዶቹ ዞሩ። አስተርጓሚው ነገሩን ሲተረጉም አንድ ሸምገል ያሉ የቡልጋሪያ ሠዓሊ በሳቅ ፈነዱ፤ የሴትዮዋንም እጅ ጨብጠው አንድ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቁ ኃላፊው።

«‘በእኛም አገር ብሩህ ዘመን የሚታየው እንደዚሁ ነው’ አሉ» አለ አስተርጓሚው።

ጓድ ልሳነወርቅ ከወዳጅ አገር የመጣ ምስጋና መስሏቸው አጨበጨቡ። አዳራሹም ሳቁን የሚደብቅበት ስላገኘ መዳፉ እስኪቀላ አጨበጨበ።