የማይከፈለው ቁጥር

አንድ ንጉሥ ትልቁን ከተማውን ጎርፍ ወሰደበት። የተረፉት ሰዎች ኮረብታ ላይ ሰፍረው ቢቆጠሩ አሥር ሺህ ሰባት አባወራ ሆኑ። ንጉሡም ከወንዙ ማዶ ያለውን ሜዳ ሊሰጣቸው ወደደ። ነገር ግን ትልቁ መንደር ትንሹን እንዳይጫነው ሰግቶ፣ «መንደሮቹ በአባወራ ቁጥር ፍጹም እኩል ይሁኑ» ሲል አዘዘ።

ትእዛዙ የወደቀው በአለቃ ተድላ ላይ ነው። አለቃ ተድላ በቤተ መንግሥቱ ሒሳብ ሲያሰሉ ያረጁ፣ ወገባቸው የጎበጠ፣ ምክር መስጠትም የሰለቻቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቁጥሩን ለሁለት ቢያካፍሉት አንድ ተረፈ። ለሦስት ቢያካፍሉት ሁለት፣ ለሰባት ቢያካፍሉት አራት ተረፈ። እስከ መቶ ድረስ ሞከሩት፤ ሁልጊዜ ትራፊ አለው። ዝለው ንጉሡ ፊት ቀረቡ።

«ጃንሆይ፣ ይህ ቁጥር ብቸኛ የሚባለው ዓይነት ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር እኩል የሚያካፍለው የለም። ወይ ሁሉም በአንድ መንደር ይታጨቃሉ፣ ወይ እያንዳንዱ ለብቻው ይኖራል።»

«ቢታጨቁ በሽታ፣ ቢበተኑ አውሬ ይፈጃቸዋል» አለ ንጉሡ። «ይልቅ ሰባቱን አስወጣ። አሥር ሺህ ሲሆን መቶ መንደር ይወጣዋል፤ በየመንደሩም መቶ መቶ አባወራ።»

«የትኞቹን ሰባት?»

«ጉልበት የሌላቸውን።»

አለቃ ተድላ እግራቸውን እየጎተቱ ወደ ሰፈሩ ወረዱ። አንጓች የምትባል አንካሳ መበለት ጓዟን ጠቅልላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል።

«አይጨነቁ አባቴ» አለቻቸው። «አንዱ መውጣቱ ካልቀረ እኔ ልውጣ። እኔም ደክሞኛል።»

አለቃ አጠገቧ ተቀመጡ።  ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ እንዲህ ከጎኑ ተቀምጠው ያረፉበት ሰው ግን ትዝ አላላቸውም። ከዚያ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ ንጉሡ ተመለሱ።

«ጃንሆይ፣ ከምንቀንስ አንድ እንጨምር። አሥር ሺህ ስምንት ሰባ ሁለት መንደር ይወጣዋል፤ በየመንደሩ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ አባወራ ይሆናል። ምንም አይተርፍም።»

«ሁሉም ተቆጥሯል። አንዱ ከየት ይመጣል?»

«እኔ አልተቆጠርኩም።»

 ንጉሡም «ቤተ መንግሥቱን ትተህ ጎጆ ልትቀልስ? በዚህ ዕድሜህ?» ብሎ ጠየቀ።

«ደክሞኛል፣ ጃንሆይ። መድከሜ ካልቀረ ከሰው መሐል ልድከም።»

ንጉሡ አሰናበታቸው። ሜዳው ላይ ጎጆ ቀለሱ፤ አንጓችም ጎረቤታቸው ሆነች። ወገባቸው አልተቃናም፤ ክረምቱም አልራራላቸውም። ሆኖም በዚያ ዓመት ማንም ትራፊ ተብሎ አልተባረረም።

ወዳጆቼ፣ ኑሮ አልከፈል ሲለን ቶሎ የሚታየን የሚቀነሰው ሰው ነው። የጎደለው ግን ከቆጠራው ውጭ ቆሞ ሌላውን የሚቆጥረው ሊሆን ይችላል። እናንተስ ትራፊ የምትሉትን ሰው ከማስወጣታችሁ በፊት፣ ራሳችሁን ቆጥራችኋል?